አቶ ሳህሌ ገመድ ሲመርጡ

አቶ ሳህሌ ሞቱ ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ከየት ወድቀው?» የሚል ነበር። መርዶ ነጋሪው ደነገጠ። «ኧረ ከየትም አልወደቁም፣ አልጋቸው ላይ ተኝተው ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኮልፌ ዛፎች ጫፍ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያናግሩን የኖሩ ሰው፣ ከመሬት ሦስት ስንዝር በማይሞላ አልጋ ላይ ሞቱ መባሉ አልዋጥልህ አለኝ። ሄጄ ስጠይቅ እውነት ነው። ከአልጋውም አልወደቁም።

ቀብራቸው ላይ የሆነውንም ልናገር። ሬሳውን ወደ ጉድጓዱ ለማውረድ ገመድ ቀርቦ ነበር። ቆፋሪዎቹ ሊያነሱት ሲሉ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ጎንበስ አለና ገመዱን አሸተተ። ሌላው ሳብ ሳብ አደረገው። ሦስተኛው ጫፉን ፈታ አድርጎ ክሩን መረመረ። ቄሱ «ምን እያደረጋችሁ ነው?» ብለው ተቆጡ። ሦስተኛው ሰውዬ እኔ ስለነበርኩ መመስከር እችላለሁ፤ ገመዱ ለእሳቸው የሚሆን አልነበረም። ሰው ተልኮ ከቤታቸው ሌላ እስኪያመጣ ድረስ ለቀስተኛው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆመ። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩም፣ ቀበርኩም፤ ስለዚህ ልናገር።

አቶ ሳህሌ የጉራጌ ሰው ነበሩ። አባታቸው የእንሰት ቃጫ ተሸክመው አዲስ አበባ ገብተው፣ ገመድ እየገመዱ ሲሸጡ ኖረው ኮልፌ ላይ ነው ያረፉት። ያኔ ኮልፌ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና የታክሲ ረዳት የሚጮህበት መንገድ፣ ያኔ ስሙም አልወጣለት፣ የሚጮህበትም ጅብ ነበር። ከባሕር ዛፉ መካከል አልፎ አልፎ የጥንት ዝግባና ጽድ ቆሞ ይታያል። ቅርንጫፉ ቤት ላይ የተንጋደደበት፣ ቀፎ መስቀል የፈለገ፣ የጣራው ጉልላት የተንጋደደበት ሁሉ የሚጠራው አቶ ሳህሌን ነው። አባትየው የገመዱትን ገመድ ልጅየው ወጡበት ማለት ይቻላል።

እሳቸውን ያላየ ሰው ዛፍ ወጪ ሲባል እንደ ጦጣ ቀጠን ያለ ሰው ይጠብቃል። አቶ ሳህሌ አጭር፣ ወፍራም፣ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ደጃፍ የሚደርስ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ደፈር ብዬ «ጋሼ፣ ይህን ሆድ ይዘው እንዴት ነው የሚወጡት?» አልኳቸው።

«ሆዴ ነው እኮ ከግንዱ የሚያርቀኝ» አሉኝ። «እንደ አንተ ሆድ አልባ ብሆን ቅርፊቱ ፊቴን ይልጠኝ ነበር።»

ታዲያ ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ገመድ ነውና ለገመድ ምርጫ የነበራቸው ጥንቃቄ ልጅ ለመዳር እንኳ የሚደረግ አይደለም። ገበያ ወርደው ገመድ ሻጮች ፊት ሲቆሙ መጀመሪያ ገመዱን አይነኩትም። ሻጩን ነው የሚጠይቁት። ማን ገመደው? የት ተቀምጦ ገመደው? ሲገምደው ከሚስቱ ጋር ተስማምተው ነበር ወይ? ሻጮቹ ይስቁ ነበር፤ ኋላ ግን ለምደው ሳይጠየቁ የገማጁን የትዳር ሁኔታ መዘርዘር ጀመሩ። «የተቆጣ ሰው አንዱን ክር አጥብቆ ሌላውን ያላላል» ይሉ ነበር። «እኔ የሰው ጠብ ላይ ተንጠልጥዬ መሞት አልፈልግም።»

ቀጥሎ ማሽተት ነው። ከዚያ ዐይናቸውን ጨፍነው ከዳር እስከ ዳር በጣቶቻቸው መካከል ያሳልፉታል። ከዚያ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ያጥፉታል፤ ያዳምጡታል። በመጨረሻ ጫፉን በምላሳቸው ይቀምሳሉ። ጨው ጨው ካለ ይመልሱታል፤ የሌላ ሰው ላብ የጠጣ ገመድ ነው፣ ላብ የጠጣ ገመድ ደግሞ ይሰክራል ይላሉ። ከቆዳ የሚሠራ ጠፍር አይወዱም። «ቃጫ እውነተኛ ነው፤ ሊበጠስ ሲል ይናገራል። ጠፍር ግን በጋውን ሁሉ ወዳጅህ ሆኖ ከርሞ ዝናብ ሲነካው ዝም ብሎ ይከዳሃል።» ወፍራም ገመድ ይዞ የሚጎርርባቸው ሰው ሲመጣም «ወፍራም ገመድ ያስፎክራል እንጂ አያወርድም» ብለው ያሰናብቱታል። ሁልጊዜ የሚሏት ግን አንዲት አባባል ነበረቻቸው። መውጣት የእግር ነው፤ መውረድ የገመድ ነው ይላሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ በዚህ ነገር ሲበሽቁ ኖረዋል። «ለገመድ ሦስት ቀን፣ ለእኔ ግማሽ ቀን» ይላሉ እንግዳ ፊት። «እኔን ሲያገባ አባቴን እንኳ በቅጡ አልጠየቀም።»

«አንቺ ብትበጠሺ የምወድቀው ከመሬት መሬት ነው» ይላሉ አቶ ሳህሌ፣ ቀና ሳይሉ።

አሁን የምናገረው ልማዳቸው ግን ኮልፌን ሙሉ የሚያሥቅም የሚያስፈራም ነበር። አቶ ሳህሌ ሥራ ሰጪው ራሱ በገመዱ ላይ ሳይንጠለጠል ዛፍ አይወጡም። ገመዱን ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ያጋድሙና ጫፉን እንደ መቀመጫ ያበጁታል። ባለ ጉዳዩ እዚያ ላይ ይቀመጣል፤ ከመሬት አንድ ክንድ ብድግ ይደረጋል፤ ከዚያ አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይደግማል። እሳቸው ጆሯቸውን ገመዱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። መመዘን ነው የሚሉት። «ውጣልኝ ያለኝ ሰው እሱ መጀመሪያ ገመዱን ይመን» ነው ነገሩ። ሀብታም ደሃ፣ ሴት ወንድ አይሉም።

የቤተ ክርስቲያናችን አለቃ ጉልላት ሊያስተካክሉ ጠርተዋቸው ተመዘኑ። አለቃው መንጠልጠሉ ስላሳፈራቸው ጸሎቱን እንደ ውሃ አንዶለዶሉት። አቶ ሳህሌ ጆሯቸውን ሳያነሱ «ይድገሙት አባቴ፣ ገመዱ አልሰማም» አሏቸው። ጠጅ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ በላይነሽ ደግሞ መጀመሪያ «እኔን? በገመድ?» ብለው ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ሦስት ቀን አሰቡበትና ወጥተው ተቀመጡ። ጸሎቱ አልቆ «ይውረዱ» ሲባሉ እግራቸውን እያወዛወዙ «ትንሽ ቆዩኝ፣ ነፋሱ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ በላይነሽ የተንጋደደ ቅርንጫፍ ሳይኖር መልምሉልኝ እያሉ ያስጠሯቸው ነበር።

እንዲህ ስንኖር ጣሊያን ገባ።

ስለ ጣሊያን ዘመን ሌላው ብዙ ተናግሯል። በዚያ ዘመን ገመድ ማለት ለሰው ሁሉ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ሰዎች በአደባባይ የተንጠለጠሉበትን ያየ ሰው የፍየል ማሰሪያ ሲያይም ይደነግጣል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ደረሰብን። አቶ ሳህሌ ግን ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መሄዳቸውን አልተዉም። «ገመዱ ምን አጠፋ?» ይሉ ነበር።

ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር ጣሊያኖች ሰፈር ሠርተው ነበር። አለቃቸው ካፒታኖ፣ በእኛ ሻምበል የሚባለው፣ ነበር፤ ጢሙን በቅባት የሚያሾል፣ ከፎቶ አንሺው የማይለይ፣ ሲስቅም ሲቆጣም እጁ ሽጉጡ ላይ የሚሆን ሰው። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ስሆን አስተርጓሚው ነበርኩ። አስተርጓሚ ማለቴ ለስሙ ነው። ጣሊያንኛዬን የለቀምኳት መንገድ ከሚሠሩ ጣሊያኖች ወጥ ቤት ሳህን ሳጥብ ነበር። ጨው፣ ውሃ፣ ቶሎ፣ ሌባ፣ እንዳትሰብር። በእነዚህ ነበር መንግሥትና ሕዝብ የማገናኘው።

አንድ ቀን ካፒታኖው የስልክ ሽቦ ወደ ሰፈሩ ሊዘረጋ ፈለገ። እንጨት እስኪተከል ጊዜ ስለሌለ ከሰፈሩ አጠገብ ባለው ረጅም ዝግባ ጫፍ ላይ ይታሰር ተባለ። ከወታደሮቹ አንዱ ሞክሮ ክንዱን ሰበረ። ሁለተኛው እኩሌታው ላይ ሲደርስ አልወርድም ብሎ አንድ ቀን ሙሉ አደከማቸው። ከዚያ አንዱ ባንዳ «እዚህ አገር ዛፍ የሚወጣ ሳህሌ የሚባል አለ» አለ።

ከሰዓት በኋላ እኔ ተልኬ አቶ ሳህሌ ቤት ሄድኩ። ነገ ጠዋት ይምጡ ተብለዋል አልኳቸው። ገመድ እየገመዱ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ሽቦዋ ለምንድን ናት?» አሉኝ።

«ከከተማ ጋር ሊነጋገሩባት።»

«ምን ሊነጋገሩ?»

ሁለታችንም እናውቃለን። የልጃቸው ባል ከሌሎች አርበኞች ጋር ከአስኮ ወዲያ ጫካ ውስጥ ነበር። ሽቦዋ ከተሳበች በኋላ አንድ ሰው ጫካ አካባቢ ጭስ ካየ ለከተማው ጦር ለመንገር ስልኩን ጆሮው ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ወይዘሮ አስካለ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«አየለ፣ እኔ ያቺን ሽቦ አላስርም» አሉኝ አቶ ሳህሌ።

«ጋሼ፣ እምቢ ካሉ ይገድልዎታል።»

«ማን እምቢ አለ? እምቢ አልልም። እመጣለሁ፤ ልማዴን ትነግረዋለህ። የሚያዝ ሰው ይመዘናል። ካፒታኖ የሚያህል ሰው ሕዝብ ፊት በገመድ ተንጠልጥሎ አቡነ ዘበሰማያት አይደግምም። እሱ እምቢ ይላል፤ ሥራው ይቀራል። እምቢ ያለው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ነገሩ ሳስበው ጥሩ መሰለኝ። እንዲያውም እየሳቅኩ ነው የወጣሁት። ወይዘሮ አስካለ ግን በሩ ላይ እጄን ያዝ አድርገው «ብቻ አንተ እንደሚልህ ተናገር፤ ምንም እንዳትጨምር» አሉኝ። ይህን ምክር ባለመስማቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኮልፌ ግማሹ ዝግባው ሥር ተሰብስቦ ነበር። ካፒታኖው ታጥቦ፣ ተቀብቶ፣ ፎቶ አንሺውን አስከትሎ ወጣ። ሁለት ወታደሮች የእንጨት ሣጥን አመጡና ከፈቱት። ውስጡ ጥቅል ጥቅል ገመድ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ የሚያበራ። በመርከብ ከአገሩ የመጣ ነው ተባለ። ሕዝቡ እንዲህ ያለ ገመድ አይቶ አያውቅምና ጉድ አለ።

አቶ ሳህሌ ቀረቡ። አንዱን ጥቅል አነሱና አሸተቱ፤ ወዲያው ፊታቸውን መለስ አደረጉ። በጣቶቻቸው አሳለፉት። ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አጠፉት። ቀመሱት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህ ገመድ ሞቷል» አሉኝ። «መርከብ ላይ ባሕር ጠጥቶ ውስጡ ሻግቷል። እስካሁን ያልተቀበረው ልብሱ ስላማረ ነው።»

ካፒታኖው «ምን አለ?» አለኝ።

«ልብሱ ያማረ ነው ይላል» አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ካፒታኖው ደስ አለው። በል ይውጣ አለ። አቶ ሳህሌ ወደ እኔ ዞረው «ልማዴን ንገረው» አሉኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩና ባለችኝ ጣሊያንኛ እንደ ወረደ ተናገርኩ። ይህ ሰው እንዲህ ይላል፤ በመጀመሪያ ካፒታኖው በገመድ ይንጠልጠል።

የካፒታኖው ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። እጁ ሽጉጡ ላይ አረፈ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ። ሕዝቡ ያልኩትን ባይሰማም ፊቱን አይቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ለእሳቸው ብቻ ፈራሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴም ፈርቻለሁ። ምላሴ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ሄደ።

«ይህ በአገራችን ለማንም የሚደረግ ክብር አይደለም» አልኩ። «ለትልልቅ ሰው ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ተቀምጦበት የባረከው ገመድ አይበጠስም ይባላል። ከዚህ በፊት እዚህ ሰፈር የተቀመጡት አንድ የቤተ ክርስቲያን አለቃና አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ናቸው።»

የካፒታኖው እጅ ከሽጉጡ ተነሥቶ ወደ ጢሙ ሄደ። ጢሙን አሾለ። ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ አንድ ነገር አለው። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ ወደ ቅርንጫፉ ሄደ።

አቶ ሳህሌ አዩኝ። «ምን አልከው?» አሉ።

«ትንሽ ጨመርኩ» አልኳቸው።

ፊታቸውን ከእኔ ወደ ገመዱ አዞሩ። በሕይወቴ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ፊት ማዞር ያመመኝ ግን የለም። አንድ መውጫ ነበራቸው፤ በገዛ አፌ ዘጋሁባቸው። ልማዱ ከሞላ እምቢ የሚሉበት ነገር የላቸውም፤ ከዚያ ወይ ሽቦዋን ማሰር ነው፣ ወይ ጥይት።

ካፒታኖው ነጩ ገመድ ላይ ተቀመጠ። አራት ወታደሮች ሳቡና ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ አደረጉት። ቦቲ ጫማው አየር ላይ ተንጠለጠለ። አሁን ደግሞ አዲስ ፍርሃት መጣ። ገመዱ የሞተ ነው። ካፒታኖው ኮልፌ ሁሉ እያየው በመቀመጫው መሬት ላይ ቢፈጠፈጥ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይተርፋል? ይህን የምናውቀው እኔና አቶ ሳህሌ ብቻ ነን። እሳቸው ጆሯቸውን ገመዱ ላይ ለጠፉ።

«ጸሎቱን ይድገም» አሉ። ነገርኩት። ካፒታኖው ኮፍያውን አወለቀና በራሱ ቋንቋ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረ። ሕዝቡ ጸሎት መሆኑ ሲገባው ከልማድ የተነሣ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ በላይነሽ አማተቡ። ካፒታኖው ግን ፎቶ አንሺው እንዲመቸው አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል፤ አንዲት ቃል ይልና ጥርሱን ያሳያል፤ ሌላ ቃል ይልና ደረቱን ይነፋል። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ጸሎት ሰምቼ አላውቅም።

መሃል ላይ የአቶ ሳህሌ ፊት ተለወጠ። እኔ የሰማሁት ነገር የለም፤ እሳቸው ሰምተዋል። ላብ በግንባራቸው ወረደ። አለቃውን ሁለት ጊዜ ያስደገሙት ሰው፣ ከጸሎት አንዲት ፊደል እንድትቀር የማይፈቅዱት ሰው፣ ካፒታኖው ገና ወደ ዕለት እንጀራው ሳይደርስ «አሜን» ብለው ጮኹ። «አሜን በሉ!»

«አሜን» አለ ኮልፌ በሙሉ። ወታደሮቹም ደንግጠው አሜን አሉና ገመዱን ለቀቅ አደረጉት። ካፒታኖው በእግሩ ቆመ። እሱ የመሰለው ሕዝቡ በደስታ የጮኸለት ነው። እጁን አውለበለበ።

«ተመልከቱ» አለ በኔ በኩል። «የሮማ ገመድ። አሁን በዚሁ ገመድ ይውጣ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ነገሩ ከሽቦም አልፎ ወደ ነፍስ ሄደ። በዚያ ገመድ ዝግባው ጫፍ መውጣት ማለት የሚወርዱበትን ያለማወቅ ነው። አቶ ሳህሌ ዛፉን ቀና ብለው ከሥር እስከ ጫፍ አዩት። ገመዱን አዩ። ካፒታኖውን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ እሳቸው እጅ ሲነሱ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አየለ፣ አሁን የምልህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረው» አሉኝ። «እርስዎን የተሸከመ ገመድ በእኔ ቆሻሻ እግር አይረገጥም በለው። እኔ በለመድኩት ሣር በመሰለው በእንሰት ቃጫዬ እወጣለሁ። ይህ ያማረው ገመድ ግን የሚገባው ከላይ ነው። ሽቦዎን እሱ ይሸከመው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሮማን ገመድ ከዛፍ ጫፍ ይየው።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ካፒታኖው ዐይኑ እርጥብ ሆነ። «ይህ ሰው ሥልጣኔ ገብቶታል» አለኝ።

አቶ ሳህሌ የእንሰት ገመዳቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ቅርንጫፉ ላይ ጣሉት፤ መቀመጫውን አበጁ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ።

«ና ተቀመጥ» አሉ።

«እኔ? ካፒታኖው እኮ ተመዝኗል።»

«እሱ የተመዘነው በዚያኛው ነው። ደግሞ ይህን ሥራ የሰጠኝ ካፒታኖው አይደለም፤ አንተ ነህ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ብድግ አደረጉኝ። ኮልፌ ግማሹ፣ የጣሊያን ጦር፣ ፎቶ አንሺውም ጭምር እያዩኝ አቡነ ዘበሰማያትን ደገምኩ። «ቀስ ብለህ» አሉኝ። ቀስ አልኩ። ስጨርስ «ወደ ፈተና አታግባን የምትለዋ ላይ ተቻኩለሃል፤ እንደገና» አሉኝ። እንደገና ደገምኩ። ሦስተኛውን ለምን እንዳስደገሙኝ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም፤ የገባኝ ግን ይመስለኛል።

ከዚያ ወጡ። ያ ሆድ፣ ያ አጭር እግር፣ ገመዱን ግንዱን አስታቅፎ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ እያለ ሄደ። ከታች ሆነን አንገታችን እስኪደነዝዝ አየናቸው። ጫፍ ላይ ብዙ ቆዩ። ከታች እንደምናየው እንዲያ ተጠንቅቀው ሲያስሩ አይቼ አላውቅም፤ ዞር ይላሉ፣ ይፈትሻሉ፣ እንደገና ያጠብቃሉ። በመጨረሻ «ጠብቋል። ቋጠሮው አይፈታም» ብለው ጮኹ። ተረጎምኩ። ካፒታኖው አጨበጨበ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከኋላቸው እንደ ጥፋተኛ ሆኜ ተከተልኩ። መናገር አልቻልኩም። የልጃቸው ባል ጫካ ውስጥ ነው፤ ሽቦዋ የታሰረችው በእሳቸው እጅ ነው፤ ምክንያቱ እኔ ነኝ። ባሕር ዛፉ መሃል ስንገባ እንባዬ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ያስገደድኩዎት እኔ ነኝ።»

ቆም አሉ። ገመዳቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ይህን ያህል ጊዜ ስመርጥ አይተህ ምንም አልተማርክም» አሉኝ። «ገመድ ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው። ሰው ለሚወጣበት የማይበጠሰውን ትመርጣለህ። ለዚያች ሽቦ ግን ኮልፌ ውስጥ ያንን ነጩን የሚያህል ገመድ የለም።»

ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው ግን መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ሽቦዋ መሬት ላይ ተጋድማ ተገኘች። ካፒታኖው ዝግባው ሥር ቆሞ ቀና አለ። ቋጠሮው እንደታሰረ ነው፤ ከቋጠሮው አለፍ ብሎ ገመዱ የለም። «ጉሬዛ ነው» አለ ካፒታኖው። አቶ ሳህሌን አስጠርቶ ጠየቃቸው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው እውነቱን ተናገሩ። «ገመዱ ተበጥሷል» አሉ። ካፒታኖው መበጠሱንማ አይቻለሁ፣ ማን በጠሰው ነው የምለው ብሎ ተቆጣና ጉሬዛ የሚጠብቅ ወታደር ዛፉ ሥር አቆመ። አቶ ሳህሌም ከሣጥኑ ሌላ ጥቅል ይዘው እንደገና ወጡ፤ ከመውጣታቸው በፊትም እኔን መዘኑ።

ይህ ነገር ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አልቆጠርኩም። ዝናብ ይዘንባል፣ ሽቦ ይወድቃል፣ ስልክ ዝም ይላል፣ ወታደሩ ወደ ዛፍ ይተኩሳል፣ እኔ እንጠለጠላለሁ። ስልኩ ዝም ባለባቸው ቀኖች ከጫካ ሰዎች እየወጡ ይገባሉ ይባል ነበር፤ እኔ በዐይኔ አላየሁም። የአቶ ሳህሌ ልጅ ባል ግን በሕይወት ተመልሶ ልጆቹን አሳድጓል፤ ይህን አይቻለሁ። ካፒታኖው እስኪሄድ ድረስ ጉሬዛን ሲራገም ኖረ። ስለ ገመዱ አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረም፤ የተቀመጠበት ፎቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበርና።

ጣሊያን ሲወጣ ሣጥኑ ውስጥ አንድ ጥቅል ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከሰፈሩ በር፣ ቆርቆሮ፣ አልጋ ሲወስድ አቶ ሳህሌ ያቺን ጥቅል ብቻ ይዘው ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ አስካለ እንደ ነጋ ፍየላቸውን አሰሩባት። ፍየሏ በማግስቱ አስኮ ተገኘች።